የብረቱ ፉጨት

የተከልኩት ማሽን እንደሚያፏጭ አውቅ ነበር። ማዕበሉ ወደ ማሽኑ የኮንክሪት ክፍል ሲገባ አየሩን ወደ ላይ ይገፋል፤ አየሩም ትንሿን ተርባይን እያሽከረከረ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል። መብራት የሚያመነጨው እንዲህ ነው። ፉጨቱን ለመቀነስ ጊዜ አላጠፋሁም። በዚህች የጄጁ ደሴት ጠረፍ መንደር ማንን ይረብሻል? ወጣቱ ሁሉ ሄዷል። እኔም የማድረው ብቻዬን፣ ባሕሩ ዳር በተቀመጠ ኮንቴይነር ውስጥ ነው።

ከባሕር ወለል ቀንድ አውጣ ከሚለቅሙት ጠላቂ ሴቶች የቀሩት እማማ ማልሱን ብቻ ናቸው። ጠላቂዎች ከውኃ ብቅ ሲሉ ያመቁትን ትንፋሽ በፉጨት ይለቁታል። የአንዷ ፉጨት ከባሕር እየተሰማ ሌላዋ ጥላት አትወጣም። የእማማ የመጨረሻ ጓደኛ ባለፈው የብርድ ወራት ስለሞቱ፣ ከእንግዲህ የሚጠብቁት ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታ። ከቋጥኙ ላይ ሆኜ ይውጡ እያልኩ ወደ እማማ ጮህኩ። እማማ ብቅ ይላሉ፣ ወደ ማሽኑ ዞረው ያዳምጣሉ፣ ተመልሰው ይጠልቃሉ። በመጨረሻ ገመድ ወርውሬ ጎተትኳቸው። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

"ምን ሆነው ነው? ሊሞቱ ነበር እኮ!"

"እሷ መቼ ወጣችና!"

"ማን?"

በአገጫቸው ማሽኑን አሳዩኝ።

"እማማ፣ ብረት ነው!"

"ብረት መሆኑ ጠፋኝ? ስትተክዪው አላየሁም? ጆሮዬ ነው እምቢ ያለኝ። ስልሳ ዓመት የለመደ ጆሮ ባንቺ ዲግሪ ይመለሳል?"

"እንግዲያው ድምፅ ማፈኛ እገጥምበታለሁ።"

"ተዪው" አሉ ቶሎ ብለው። "ያኔ ደግሞ ባሕሩ ጭጭ ይላል።"

ከዚያ ወዲህ መውጫቸው ሲደርስ የአየር መዝጊያውን እዘጋለሁ። ፉጨቱ ሲቆም ይወጣሉ። መብራቱም አብሮ ይቆማል።

አለቃዬ ከከተማ ደወለ። "ከሰዓት ላይ ኃይሉ ለምንድነው የሚወርደው?"

"ባሕሩ ይደክማል።"

"ባሕር ይደክማል እንዴ?"

"እዚህ ይደክማል።"

ማሽኑ ለሙከራ የተተከለ ነው፤ ሙከራው ካልተሳካ ይነቀላል። ለእማማ አልነገርኳቸውም።

ትናንት ዓሣዬን ጥጄ ወጣሁና መዝጊያውን ዘጋሁ። ባሕሩን ጭጋግ ሸፍኖታል። ጠበቅኩ። ምንም የለም። ስማቸውን ጠራሁ፣ አሁንም ምንም። እግሬ ውኃው ውስጥ መግባቱን ያወቅኩት ጫማዬ ሲሞላ ነው።

ከዚያ ከጭጋጉ ውስጥ ቀጭን ፉጨት መጣ።

"አንቺ ልጅ! ዓሣሽ አረረ፣ እዚህ ድረስ ይሸታል! ምን ይገትርሻል?"

"መጀመሪያ እርስዎ ይውጡ!" አልኳቸው።