ስለ ሣህሉ አዲስ ካሴት የተባለው

ካሴቱ ላይ ፕላስተር የለም። ተሻለች ይህን ያየችው ፋዱማ ግቢ ውስጥ ቆማ፣ ካሴቱን ከቦርሳዋ አውጥታ እጇን ከዘረጋች በኋላ ነው። ጅቡቲ ላለችው እህቷ ለበለጠች በፋዱማ እጅ ልትልከው ያሰበችው የድምፅ ደብዳቤ የተቀዳው አሮጌ ካሴት ላይ ነበር። እላዩ ላይ መቅዳት እንዲያስችል ብላ ጠርዙ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በነጭ የቁስል ፕላስተር ደፍናቸዋለች። እጇ ላይ ያለው ግን ንጹሕ ነው። የወንድሟ የሠርግ ካሴት ነው።

ደብዳቤው ታዲያ የት ሄደ? መጋላ ሰፈር፣ አብዲቃድር ካሴት ቤት ነዋ! ጠዋት «ይህን ሠርግ ቅዳልኝ» ብላ የሰጠችው እሱን ኖሯል። አብዲቃድር ደግሞ የሚቀዳውን ሁሉ፣ ገበያ ይጠራልኛል ብሎ፣ በሩ ላይ በሰቀለው ድምፅ ማጉያ ለሰፈሩ እያሰማ ነው የሚቀዳው።

«ምነው፣ ጂኒ ያየሽ መሰልሽ?» አለች ፋዱማ። ጅቡቲ በባቡር እየተመላለሰች የምትነግድ፣ ፈታሽ እንኳ የማያስደነግጣት ሴት ናት።

«ታሰርኩ» አለች ተሻለች።

«መቼ?»

«ዛሬ ማታ ሳይሆን አይቀርም።»

ተሻለች አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች የልጆች እናት ናት፤ ክፉ ነገርን ገና ከሩቅ ሳለ ወጥታ የምትቀበል። ደመና ካየች የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰው ሲወስድ ይታያታል፤ ልጅ ካስነጠሰ ሐኪም ቤት አልጋ መኖሩን ታስጠይቃለች። የዛሬው ፍርሃት ግን ምክንያት ነበረው። ከተማሪነቷ ጀምሮ የምትወደው ዘፋኝ ሣህሉ አዲስ ካሴት አውጥቷል፤ እሷም ስለ ካሴቱ የሚሰማትን ሁሉ ለእህቷ ሳትሰስት ተናግራለች።

መጋላ ስትደርስ የገዛ ድምፅዋ ከመንገዱ ማዶ ተቀበላት።

«በለጡዬ፣ የሣህሉን አዲስ ካሴት እንዳትገዢ! ያ ለፍቅር ሲዘፍን ወጥ የሚያሳርረን ልጅ አሁን ለትራክተር ዘፈነልሽ። ለትራክተር! ደግሞ እኮ ትራክተሩን አይወደውም፣ ከድምፁ ያስታውቃል። ለስብሰባ ስብሰባ አለን፤ በዘፈን ደግሞ ይምጣብን? የፍቅር የምትባል አራተኛዋ ብቻ ናት፤ እሷንም ራስ ምታት እንደያዘው ሰው ነው የሚያቃስታት...»

ጥላ ሥር ጫት የያዙ ሰዎች ይንከተከታሉ። «አቦ ዝም በሉ፣ ሴትዮዋ ትናገር!» ይላል አንዱ።

ተሻለች ሱቁ ውስጥ ገብታ ቴፑን አጠፋችው። ከውጭ ጩኸት ተነሣ።

«ወላሂ ተሹ፣ የሬዲዮ ድራማ መስሎኝ!» አለ አብዲቃድር። «ሰው ድገመው፣ ድገመው አለኝ።»

«ስንቴ ደገምከው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ከምሳ በፊት ነው የጀመርነው።»

«የቀበሌ ሰው አላለፈም?»

አብዲቃድር አንገቱን አከከ። «ጓድ ገብረወልድ ከነባለቤቱ ቆሞ ሰማ። ፊቱን አጥቁሮ ሄደ።»

ጓድ ገብረወልድ የቀበሌዋ ሊቀመንበር ነው። በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ የምታነብለት ደግሞ ተሻለች ናት። ድምፅዋን አላወቀውም ማለት ዘበት ነው።

ባሏ ክፍሉ ከባቡር ጋራዥ ሲመለስ በዚያ ሙቀት ሹራብ ደርባ፣ ብርድ ልብስና ሳሙና ቋጥራ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት። የሆነውን በእንባ ነገረችው።

«ሳሙናውን በሙሉ ይዘሽው ልትሄጂ ነው?» አለ ክፍሉ።

«ትቀልዳለህ?»

«ስሚኝ፣ መጥቶ ከጠየቀሽ ካሴቱ ግሩም ነው በይ። በቃ። ስለ ዘፈን ዋሽቶ የተኮነነ የለም።»

«እላለሁ» አለች። ከልቧ ነበር።

ሲመሻሽ በሩ ተንኳኳ። ጓድ ገብረወልድ ብቻውን ነው። ገብቶ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ ተሻለች፣ እኛ ሂስ አንከለክልም። ሂስ ግን ገንቢ መሆን አለበት።»

«ልክ ነዎት።»

«ስለ ትራክተሩ ያልሽውን አልሰማሁም። መኪና እያለፈ ነበር።»

«መኪናውን እግዜር ይስጠው» አለ ክፍሉ በሆዱ፤ ከንፈሩ ግን ተንቀሳቀሰ።

«አራተኛዋን ግን ሰምቻለሁ።» የሊቀመንበሩ ድምፅ ድንገት የተቀየመ ሰው ድምፅ ሆነ። «ራስ ምታት እንደያዘው ሰው፣ ነው ያልሽው? እኔ ያችን ዘፈን ለባለቤቴ እዘፍንላታለሁ። ዛሬ ምሳ ላይ ስጀምርላት ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አስፕሪን አመጣችልኝ!»

ክፍሉ ቶሎ ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«አሁን ተሳስቻለሁ በዪኝ» አለ ጓድ ገብረወልድ። «ግለ ሂስ ካደረግሽ ነገሩ እዚሁ ያበቃል። እኔም ለባለቤቴ እነግራታለሁ።»

አንዲት ቃል ናት። ክፍሉ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጣት። ተሻለች ልጆቿን አሰበች፤ እስር ቤቱን አሰበች፤ አፏን ከፈተች።

«ዜማዋ ጥሩ ናት» አለች።

ክፍሉ ተነፈሰ።

«የገደላት ሣህሉ ነው» አለች ተሻለች፤ ምላሷን መመለስ አቃታት። «ከላይ ጀምሮ መውረጃ አጣ! ዝቅ ብሎ መጀመር ነበረበት። እንደዚያ የሚጮኽ ሰው ቢወደኝ እኔ አገር ጥዬ ነበር የምጠፋው።»

ክፍሉ ተነሥቶ ቋጠሮውን ወደ በሩ አስጠጋላት።

«እኔም ከላይ ነው የምጀምረው» አለ ጓድ ገብረወልድ።

«ዝቅ አድርገው ይሞክሩታ።»

ሊቀመንበሩ ግራ ቀኝ አየ። ኮቱን አስተካከለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በስብሰባ ላይ ተሰምቶ በማያውቅ ልስልስ ያለ ድምፅ፣ ዘፈኗን ጀመረ። ሻካራ ነበር፤ ግን አንድ የሚወዳት ሴት እንዳለችው ያስታውቃል።

«እንዴት ነው?»

«ሣህሉ እንዲህ ቢዘፍናት ኖሮ ካሴቱን እገዛው ነበር» አለች ተሻለች። ይህን ለማለት መፍራት አላስፈለጋትም።

ጓድ ገብረወልድ እየቸኮለ ተነሣ፤ ቤቱ መድረስ ፈልጓል። ደፉ ላይ ሲደርስ ግን ዞረ።

«እንዳንቺ ያለ ጆሮ መባከን የለበትም። የቀበሌው የኪነት ቡድን አዲስ ዘፈን አዘጋጅቷል። ሐሙስ መጥተሽ ሂስ ትሰጪያለሽ።»

«ስለ ምንድን ነው ዘፈኑ?»

«ስለ ማዳበሪያ።»

ተሻለች በሩን ያዘች። «ማን ነው የሚዘፍነው?»

«ልጄ!» አለ ፊቱ በርቶ፣ እያንጎራጎረም ሄደ።

«ይኸው አልታሰርሽም» አለ ክፍሉ፣ እየሳቀ። «አሁንስ ምን ቀረሽ?»

«ሐሙስ» አለች ተሻለች። በሩን ገፍታ ዘጋችው፤ ቁልፉን እስኪያልቅ አዞረችው፤ አላመነችውምና መቀርቀሪያውንም ወረወረችበት።