ማዕዶት ያነበበችው ቁጥር

ማዕዶት ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ብታቋርጥም ቁጥር ማንበብ የሚያቅታት ልጅ አልነበረችም። አባቷ ኦይታም ይህን ያውቃል። በዚያ በ2003 ሚያዝያ፣ ዝናቡ በቀረበትና የኩልፎ ወንዝ ከጉልበት በታች በወረደበት ወር፣ በየማለዳው አንድ ነገር ይጠይቃት ነበር።

«ዛሬስ ኮምፒውተሩ ምን አለ?»

ኮምፒውተሩ የወንደሰን ነው። ወንደሰን ለሁለተኛ ዲግሪው ዩኒቨርሲቲ ሊማር ከጎጃም የመጣ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር እነ ማዕዶት ግቢ አንዲት ክፍል የተከራየ ቀጭን ሰው ነው። ነፋሱን፣ ሙቀቱን፣ ደመናውን በስሌት ኮምፒውተር ውስጥ ይከትና የዝናብ ካርታ ያወጣል። ካርታው እንደ ሒሳብ ደብተር በአራት ማዕዘን የተሰመረ ነው፤ በእያንዳንዱ መሀል እዚያ ቦታ ይዘንባል የተባለው ዝናብ በሚሊ ሜትር ተጽፏል። አርባ ምንጭ ያለችበት ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ማዕዶት ሻይ ስታደርስለት ነጥቧ ላይ ያለውን ቁጥር ይዛ ወደ አባቷ ትሮጣለች።

«ኢንጅነር፣ ይሄ ኮምፒውተርህ ያላየውን ነገር እንዴት ነው የሚያወራው? ሐሜተኛ ነው እንዴ?» ትለዋለች ወንደሰንን።

«ካንቺ ጋር አንድ ግቢ ከርሞ ምን ይሁን?» ይላታል።

ያን ሐሙስ ማለዳ ወንደሰን ፊቱን ሊታጠብ ቧንቧው ጋ ወጥቶ ነበር። ኮምፒውተሩ ተከፍቷል። ማዕዶት ብርጭቆውን አስቀምጣ፣ አጎንብሳ አየችና ወጣች።

«ሁለት ነው አባዬ! አቧራ እንኳ አያረጥብም።»

ኦይታ የጠበቀው ይህንኑ ነው። ኩልፎ ዳር ያለው ሙዙ በጥም ቅጠሉ ተጠብሷል። ውሃው ከመሸሹ የተነሳ የውሃ መሳቢያው ሞተር ቱቦ ከዳር ሆኖ አይደርስም፤ ሞተሩን ወንዙ ውስጥ አውርዶ አሸዋው ላይ መትከል ግድ ሆኗል። ጎርፍ የሚፈራ ሰው ደግሞ ይህን አይሞክረውም።

«ሁለት ካልሽማ!» አለና ስልኩን ውሃ እንዳይነካው እሷ ዘንድ ትቶ፣ ሠራተኛውን ታምሩን አስከትሎ ወደ ኩልፎ ወረደ።

ስድስት ሰዓት ላይ ወንደሰን ከክፍሉ ብቅ አለ።

«ጋሽ ኦይታ የሉም?»

«ማሳ ነው። ሞተሩን ወንዝ ውስጥ አወረደው።»

«ዛሬ? ማነው ዛሬ አውርድ ያላቸው?»

«ኮምፒውተርህ ነዋ! ሁለት ይል የለ?»

ወንደሰን ተመልሶ ገባና ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወጣ። ጣቱን ከቀይዋ ነጥብ ወደ ላይ ገፋ አደረገ፤ ጨንቻ፣ ዶርዜ፣ ተራራው። ስልሳ አንድ ይላል።

«እሱ የደጋው ነው። ለእኛ ምን…» ብላ ጀመረች፤ ሳትጨርሰው ወደ ተራራው ዞረች።

«ኩልፎ ከየት ነው የሚመጣው ማዕዶት? ከሲቀላ ደመና ነው?»

ከሲቀላ ደመና እንዳይባል ሲቀላ ላይ ደመና የሚባል አልነበረም። ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል።

«ላይ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ይዘንባል ነው የሚለው» አለ ወንደሰን። «ውሃው እዚህ እስኪደርስ… ወይ አሁን ነው፣ ወይ ትንሽ ቆይቶ ነው። ወይም ስሌቱ ተሳስቷል። ይሳሳታል እኮ።»

«ተሳስቷል በለኝ። ግዴለህም፣ ዋሸኝ!»

ወንደሰን ግን የጫማውን ክር እያሰረ ነበር።

ባጃጅ ይዘው እስከ ድልድዩ በረሩ። ማዕዶት ዓይኗን ከተራራው አልነቀለችም። አንዴ የጠቆረ ይመስላታል፣ አንዴ የሙቀት ጭጋግ ብቻ ይመስላታል።

«እህቴ፣ ወንበሬን ልቀቂልኝ፤ ቦጨቅሽው እኮ!» አለ ባለ ባጃጁ።

ከድልድዩ በታች ኩልፎ ድንጋዩ እየታየ ቀጥኖ ይፈሳል። ይህን ስታይ ልቧ ማረፍ ነበረበት፤ የባሰ መታ። አይመጣም ማለት ነው? ወይስ ገና አልመጣም?

በሙዙ መሀል ሮጡ። ኦይታ ወንዙ መሀል አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ሞተሩን ይጎረጉራል፤ የሞተሩ ጩኸት ማንንም አያሰማም። ማዕዶት ዳገቱን ተንሸራታ ወረደችና ጆሮው ሥር ጮኸች።

«አባዬ ውጣ! ጎርፍ! ስልሳ አንድ ነው!»

«ምን?»

«ስልሳ አንድ!»

ኦይታ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ።

«ጠዋት ሁለት፣ አሁን ስልሳ አንድ! የገበያ ቲማቲም ነው እንዴ በግማሽ ቀን የሚወደድ? ወይስ ኮምፒውተሩ አበደ?»

አዎ ማለት ይቀላት ነበር። ወንደሰን ዳር ላይ ቆሟል፤ ጥፋቱን ቢደፉበትም እሺ ብሎ የሚሸከም ዓይነት ነው። ግን ኮምፒውተሩ አበደ ካለች፣ አባቷ ያበደ ነገር አምኖ ሞተሩን ለምን ያወጣል?

«አላበደም። እኔ ነኝ። ሳልጠይቀው ሰረቅ አድርጌ አየሁ። የከተማውን ብቻ አንብቤ መጣሁ፤ ተራራው ላይ ስልሳ አንድ ተጽፎ ነበር፣ አላየሁትም። አባዬ፣ በእኔ ቁጥር ነው እዚህ የገባኸው፤ ውጣልኝ!»

 ኦይታ እጁን ሰደደና ሞተሩን አጠፋው።

ጭር አለ። በጭርታው ውስጥ ከላይ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ፣ የከባድ መኪና የመሰለ ነገር ያጉረመርማል። በዚያ በኩል ግን መንገድ የለም።

«ጋሼ፣ ውሃው» አለ ታምሩ። ቁርጭምጭሚቱ ሥር የነበረው ንጹሕ ውሃ ደፍርሶ፣ ገለባና ጭራሮ እያሽከረከረ ነበር። ኦይታ ኦቾሎ ተወልዶ ያደገ የደጋ ሰው ነው፤ ይህን ለማንበብ ኮምፒውተር አያስፈልገውም።

«ያዙ!»

ኦይታና ታምሩ ሞተሩን በሁለት ጎኑ ያዙ፤ ወንደሰን ከነጫማው ገብቶ ከኋላ ገፋ፤ ማዕዶት ከፊት ጎተተች። ወደ ዳሩ ሲቃረቡ ውሃ የሞላው ቱቦ ወደ ኋላ ያዛቸው። ውሃው ጉልበቷ ደረሰ።

«ቱቦውን ተወው አባዬ!»

«አዲስ ነው!»

«ተወው!»

ታምሩ በገጀራው አንዴ፣ ሁለቴ መታው። ቱቦው ሲበጠስ አራቱም ከነሞተሩ ዳገቱ ላይ ወደቁ። እየቧጠጡ ወጡ። ኩልፎ ግንድ ተሸክሞ፣ ቀይ ሆኖ፣ ከዳር ዳር ሞልቶ መጣና አሸዋውን ዋጠው። ኦይታ የተንበረከከበት ቦታ የት እንደነበር መለየት አልተቻለም።

 ኦይታ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ጭቃውን ከፊቱ ጠረገ። 

«ለነገስ ስንት ነው?» አላት አባቷ።

«አላውቅም።»

«ሰውየው አጠገብሽ ቁጭ ብሎ የለም እንዴ? ጠይቂዋ!»

ጠየቀችው።