ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ

ምንተስኖት መጀመሪያ ስህተት መስሎት ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ የተደረደሩት የመቶኛ ምልክቶች፣ የላቲን ፊደሎችና ቁጥሮች የማንም ሰው ቋንቋ አይመስሉም። ድረ ገጹን የጎበኙ ሰዎች ዱካ የሚቀመጥበትን ፋይል የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። ዛሬ የከፈተውም ሞላሌ ላይ መብራት በጠዋት መጥቶ፣ ሥራ እስኪገባ ጊዜ ስለተረፈው ነው። ያ የተበጣጠሰ ጽሑፍ ከጥያቄ ምልክት በኋላ የተቀጠለ መሆኑን ሲያይ ግን ነቃ አለ። ገልብጦ ወደ አማርኛ መለሰው።

«ለፍቅረ ሥላሴ ቤተሰቦች፦ ልጃችሁ ካርቱም ሆስፒታል ተኝቷል። ስልክ ቁጥራችሁ ጠፍቶበታል። የእናቴን ድምፅ አሰሙኝ ይላል። በዚህ ቁጥር ደውሉልኝ። በዕውቀቱ ነኝ።»

ከሥሩ ሌላ አለ፤ ከእሱም ሥር ሌላ። የመጀመሪያው የተላከው ፍልሰታ ሲገባ ነው። አሁን መስቀል አልፏል።

ድረ ገጹን የሠራው ራሱ ነው። ቀን የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይጠግናል፤ በትርፍ ጊዜው ከመንዝ ተነስተው በመተማ በኩል ሱዳን ገብተው የጠፉ ልጆችን ያፈላልጋል። የፍቅረ ሥላሴ እናት እማማ ጥሩሸዋ ከሁሉ ቀድመው የልጃቸውን ፎቶ ያመጡለት ናቸው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ፣ በገጹ ግርጌ ደግሞ መልእክት መጻፊያ አለ። በአሮጌው አሠራር የሚጻፈው ሁሉ አድራሻው ጫፍ ላይ፣ ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ተንጠልጥሎ ይመጣ ነበር።

ሰኔ ላይ ይህ በምልክትና በቁጥር የታጨቀ አድራሻ አስጠላው። ፍሬምወርክ የሚሉትን አዲስ የድረ ገጽ መሥሪያ ተማረና ሁሉንም አፍርሶ ሠራው። አድራሻው ላይ የልጁ ስም ብቻ ቀረ፤ ከፊቱ አንዲት ጋደል ያለች መስመር፣ እዝባር። አምሮ ነበር። እንግዳ በአሮጌ አድራሻ ቢመጣ ባዶ ገጽ እንዳያጋጥመው ብሎም አንድ መስመር ጨመረ፦ የማይታወቅ አድራሻ ሁሉ ወደ መግቢያው ገጽ ይመለስ። ከጥያቄ ምልክቱ በኋላ ስላለው ነገር አላሰበም።

በዕውቀቱ የተባለው ሰው አሮጌውን ገጽ ስልኩ ላይ አስቀምጦት ኖሯል። መልእክቱን ሲልክ የመግቢያው ገጽ ይከፈትለታል። የደረሰ ይመስለዋል፤ ጽሑፉ ግን ከዚያ የዱካ ፋይል በቀር የትም አልገባም።

ምንተስኖት መልእክቱ ላይ ባለው ቁጥር ደወለ።

«ከሞላሌ ነው፤ ስለ ፍቅረ ሥላሴ ነበር» አለ።

ከወዲያ ማዶ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ምነው አሁን ወንድሜ?» አለ ሰውየው። «ቀበርነው እኮ! የእንቁጣጣሽ ዋዜማ።»

«ምን አገኘው?»

«ወባ አሉ፤ ኋላ ኩላሊቱን ያዘው። ሥራ ስሄድ ስልኬን ትራሱ ሥር እተውለት ነበር። ማታ ስመጣ ‹አልደወለችም› ይለኛል። ደርሷቸዋል፣ መደወላቸው አይቀርም እያልኩ ሳጽናናው ከረምኩ።»

ምንተስኖት ስልኩን ዘግቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

የእማማ ጥሩሸዋን የነፍስ አባት፣ መምሬ መርስዔ ኃዘንን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አገኛቸው። ሁሉንም ነገራቸው።

«ነገ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን» አሉ።

«መልእክቱስ አባ? በእኔ ጥፋት ነው የቀረው።»

«እሱን እዚሁ ተወው። ለእሷ አንድ ሐዘን ይበቃታል። ደግሞስ ይህ ከተሰማ ከእንግዲህ የትኛዋ እናት ናት የልጇን ፎቶ የምትሰጥህ?»

ከሰዓት በኋላ ያቺን መስመር አስተካከለ፤ አሮጌው አድራሻ የተንጠለጠለበትን ሁሉ ይዞ ወደ አዲሱ እንዲሄድ። ብዙም አላደከመውም። ያንገበገበው ይኸው ቀላልነቱ ነበር።

በማግስቱ ውርጩ ሳይነሳ ሄደው አረዷቸው። እማማ ጥሩሸዋ ጮኹ፣ ደረታቸውን ደቁ፤ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ድምፃቸው አለቀና መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«ያለ ሰው ነው የሞተው?» ብለው ጠየቁ።

«ጓደኛው አብሮት ነበር፣ እማማ» አለ ምንተስኖት።

«ታዲያ ጓደኛው አንድ ቃል አይልክም? ልጄስ ቢሆን እናቴን ጥሩልኝ አይልም? እንዲህ ይጨክንብኝ?»

መምሬ መርስዔ ኃዘን ወደ ምንተስኖት ዞረው በዓይናቸው ከለከሉት። «ሕመም ነው፤ ሕመም ሰውን ያስረሳል» አሉ።

እማማ ጥሩሸዋ አንገታቸውን ደፉ። «ረሳኝ በሉኛ» አሉ በዝግታ።

ምንተስኖት ከቆመበት ሄዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«ጠርቶዎታል፣ እማማ። ሦስት ጊዜ አስልኳል። እኔ ጋ ነው የቀረው፤ እኔ የሠራሁት ነገር ነው ያስቀረው።»

መምሬ ፊታቸውን አዞሩ። እማማ ጥሩሸዋ ትክ ብለው ሲያዩት ይታወቀዋል፤ ቀና ማለት ግን አልቻለም።

«ምን ነበር ያለው?» አሉ በመጨረሻ።

ስልኩን አወጣ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ ቀኑን ቢዘለው፣ ቃሉ ልጁ ከመሞቱ ከወር በፊት መላኩን ማንም አያውቅበትም።

«ነሐሴ አንድ ቀን» ብሎ ማንበብ ጀመረ።