የተቀደደው ገጽ

በቀይ ሽብሩ ሰሞን ሊሙ ገነት ላይ አብዮት ጠባቂዎች የተማሪ ዙቤይዳን ደብተር ሲፈትሹ «ሜታፎር»፣ «አይረኒ»፣ «ሲምቦል» የሚሉ ቃላት አገኙ። የኢሕአፓ የምስጢር ስም መሰላቸው። ልጅቷን አሰሩና የእንግሊዝኛ አስተማሪዋን ኤርሲዶን ጠሩት።

«ያስተማርካት አንተ ነህ?» አለው የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ።

የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ነው ለማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ አንድ! ኤርሲዶ ግን ሽጉጡን አየ።

«አላውቀውም» አለ።

ጥግ ያስቀመጧት ዙቤይዳ ቀና ብላ አየችው። በማግስቱ ወደ ጅማ ወሰዷት፤ በዚያው ቀረች።

ከወር በኋላ አባቷ መጥተው አንድ የተቀደደ የደብተር ገጽ ሰጡት። ገጹ ላይ ዙቤይዳ ለሲምቦል ባዶ የቡና ጆንያን በምሳሌነት ሰጥታለች፤ ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ግሩም! ኤርሲዶ» ብሎ የጻፈው ራሱ ነው።

«ሊፈትሹ ሲመጡ ቀድዳ ለእናቷ ሰጠቻት» አሉት። «መምህሬን እንዳያስሩብኝ ብላ።»