የተረፈው ሽሮፕ

ሂክማ ከታመመች ወዲህ እናቷ ከሚላ መቀመጫ አጥታለች፤ ሮቤ ገበያ ካለው ሱቋ ቤት፣ ከቤት ሱቅ ስትመላለስ ትውላለች። ነርሷ ሰንበቴ የልጅቷን ጉሮሮ በባትሪ አይታ፣ «ሳልም ንፍጥም የላትም፤ ቶንሲሏ ግን መግል ቋጥሯል። ይሄ ጉንፋን አይደለም። ቢሻላትም ሽሮፑን አሥሩንም ቀን አጠጪያት» ብላት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃትና ሂክማ ግቢውን ትዞረው ጀመር። ከሚላ ማንኪያ ይዛ ተከተለቻት፤ ጥቂት እንደሮጠች ግን እናትየዋ ትንፋሽ አጥሯት ግድግዳ ተደገፈች። በልጅነቷ የያዛት ቶንሲል ልቧን ስለጎዳው እስከ ዛሬ በየወሩ ጎባ እየሄደች መርፌ ትወጋለች።

አማቷ በር ላይ ቆመው ከሚላን ሲያዩ ቆዩና፣ «አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ አትቀመጪም?» አሏት። «አልሐምዱሊላህ ድናለች። ለዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርጋል? የተረፈውን ለታናሿ አስቀምጪው።»

ከሚላ ልጅቷን ይዛ ማንኪያውን አፏ ውስጥ ገለበጠችው፤ እስክትውጥም አለቀቀቻትም።

«የእኔንም እናቴ ለወንድሜ አስቀምጣው ነበር» አለች።