ጨምሩበት እና ቢጫው ስንዴ

ቢጫው ከላይ ነበር። እናትየው ይህን ያስተዋለችው ሁለት ከረጢት ዩሪያ መሬት ከገባ በኋላ ነው። ከመስኮት ሆና ስትሰጋ ማሳው በሙሉ ቢጫ ይመስላት ነበር፤ ገብታ አንዱን ስንዴ ስትነቅል ግን የታችኛው ቅጠል ለምለም፣ የገረጣው ገና የወጣው ለጋው ሆኖ አገኘችው።

«አልቀናል» አለች። እሷ ደመና ባየች ቁጥርም «አልቀናል» ትላለች። ዘንድሮ ግን እውነቷን ነው፤ ከዚህ ማሳ ሌላ ቤቱ ለዓመት የሚቀምሰው እህል የለውም።

ዩሪያውን ያዘዘው የልጇ ባል ነው። ማዳበሪያ መደብር ውስጥ ሚዛን ላይ ይሠራል፤ ሦስት ቀን ከሠለጠነ ወዲህ ባለሙያ ነኝ ባይ ሆኗል። ሰፈሩ «ጨምሩበት» ይለዋል። ስንዴው ቀጠነ? ጨምሩበት። ወፈረ? ጨምሩበት። በረዶ መታው? ምን ችግር አለ፣ ጨምሩበት። የአማቱን ማሳ የመረመረው ከሞተር ብስክሌቱ ሳይወርድ ነበር፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

አመሻሽ ላይ፣ በእሷ ዕቃ ቤት ያስቀመጠውን ሦስተኛ ከረጢት ሊወስድ ጋሪ እየገፋ መጣ።

«እማዬ፣ ነገ በማለዳ እበትነዋለሁ። ሲጠግብ ያዩታል።»

«ና እስቲ፣ ይህን እይ።» የነቀለችውን ስንዴ አፍንጫው ሥር ዘረጋችለት። «ዩሪያህ የሚሰጠው ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን የጎደለው ስንዴ እናት ነው፤ ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለለጋው ያጎርሳል። ስለዚህ ቢጫው ከታች ይጀምራል። ይሄ የገረጣው ከላይ ነው። የጎደለው ድኝ ነው፤ ድኝን አሮጌው ቅጠል አንዴ ከያዘ አይለቅም። አስረኛ ክፍል ተምረነዋል።»

«አስረኛ ክፍል!» ሳቁን ለቀቀው። «ያኔ'ኮ ዩሪያ ራሱ አልተወለደም!»

«አንተም አልተወለድክም፤ ምን ጎደለብን?»

እጅጌውን ይዛ ወደ ማሳው ጥግ ጎተተችው። አምና የመኝታ ቤቱን ኮርኒስ ሲያሳድስ የፈረሰውን ጄሶ የደፋው እዚያ ነው፤ ወር ሙሉ ጮሃበታለች። የጄሶው ጥግ ስንዴ ከእግር እስከ ራሱ አረንጓዴ ነው። ሁለት እርምጃ ወዲያ ያለው ግን ወባ እንደያዘው ሰው ገርጥቷል።

«ጄሶ ውስጥ ድኝ አለ» አለችው። «በዕድሜህ አንዴ ትክክለኛ ማዳበሪያ በተንክ፤ እሱንም ቆሻሻ ልትጥል!»

ጨምሩበት ጎንበስ ብሎ አየ። ጆሮው ቀላ፣ አፉ ግን አልተሸነፈም። «እዚህ ጋ ምናልባት ዩሪያው በዛ ብሎ ፈሶ ይሆናል። እንግዲህ ሌላውም ላይ…»

«ጨምሩበት በለኛ!»

ጋሪውን ይዞ ወደ ዕቃ ቤቱ አመራ። እናትየው ቀሚሷን ሰብስባ ቀደመችው። ዛላ ለማውጣት ሁለት ሳምንት የቀረው ስንዴ፣ በዩሪያ ብዛት አገዳው ረዝሞ፣ ነፋስ መትቶት መሬት ላይ ሲተኛ ከአሁኑ ታያት። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

«እማዬ፣ ዩሪያው'ኮ የእኔ ነው!»

«በሩ የእኔ ነው። ድኝ ያለበት ማዳበሪያ መደብራችሁ የለም?»

«እሱማ አለ» አለ መሬት መሬት እያየ። «የሚጠይቀው ጠፍቶ አቧራ ለብሷል።»

«እንደኔው ሰሚ አጥቶ ነዋ! ነገ እሱን ጭነህ ስትመጣ ትገባለህ። ከሞተርህም ወርደህ።»

ባዶ ጋሪውን እየገፋ ሄደ። ቢረፍድስ? ነገ መደብሩ ዝግ ቢሆንስ? እናትየው ሁሉንም አሰበችው። ከዚያ በሩን ሳበች፣ ቁልፉን ሁለቴ አዞረች፣ ገፋ አድርጋም ሞከረችው። ተቆልፏል።