የአባዬ ግድግዳ

አባዬ ቤት ከገዛ ወዲህ አረማመዱ ሳይቀር ተቀይሯል። ደረቱን ነፍቶ ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን ይመላለሳል። ግድግዳ ባየ ቁጥር እንደ ገዛው ፈረስ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። እኔ በዚህ ቤት የምወደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክፍሌን። ኪራይ ቤት ሳለን የምተኛው ሶፋ ላይ ነበር። አሁን በር አለኝ። የሚዘጋ በር!

የድሮዋ አከራያችን፣ ውሃና መብራት ስለሚቆጥሩብን በስውር «እትዬ ቆጣሪ» የምንላቸው፣ ግድግዳቸው ላይ ሚስማር አያስመቱም ነበር። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የሠርጉን ፎቶ መደርደሪያ ላይ አስደግፎ ኖረ። ታዲያ ቅዳሜ ጠዋት መዶሻ አነሣ፤ በማግስቱ ትልቁ አጎቴ ሊመጣ ነዋ! አጎቴ ቤት ከሠራ ቆይቷል፤ አባዬን ባገኘው ቁጥር «አሁንም በሰው ቤት ነህ?» ሲለው ነው የኖረው።

አባዬ አንድ ሚስማር ለፎቶው መታ፣ አንድ ለሰዓቱ፣ አንድ ደግሞ እንዲያው።

«ይኼ ለምንድነው?» አለችው እማዬ።

«መብቴ ስለሆነ!»

መብቱ ቧንቧ አገኘ። ውሃው ፊቱ ላይ ተረጨ። እና የቤቱ ባለቤት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስልኩን አውጥቶ እትዬ ቆጣሪ ጋ ደወለ!

«እትዬ፣ ቧንቧ ፈንድቶብናል፣ ቶሎ ሰው ይላኩልን!»

«የማን ቤት ቧንቧ፣ ልጄ?»

ሳቃቸው እኔ እስከቆምኩበት ይሰማ ነበር። አባዬ ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተ።

እማዬ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ዘግታ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራች። ሰውየው ግድግዳውን አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈበት። ቧንቧው ያለፈው በሳሎኑና በእኔ ክፍል መሃል ነው አለ። በሳሎን በኩል ከተገባ ትንሽ ቀዳዳ ይበቃል። በእኔ በኩል ከሆነ ግን ከግድግዳው ጋር የተሠራው ቁም ሣጥን መፍረስ አለበት፤ ክፍሉም ለብዙ ጊዜ አይተኛበትም። «ተመካከሩ» ብሎ ዕቃውን ሊያመጣ ወጣ።

«በልጅቷ በኩል ይሁን» አለ አባዬ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

«አባዬ!»

«ነገ ወንድሜ ሳሎኔ ተቦድሶ አያይም! ሶፋው ላይ ተኚ፤ ለምደሽው የለ?»

«በገዛ ቤታችን?»

«አፍሽን ያዢ! እኔ ሲሚንቶ ልግዛ፤ ሲመለስ ንገሪው።»

ሰውየው ተመለሰ። «እሺ፣ በየት በኩል?»

«በሳሎን» አልኩት።

እማዬ ሰምታለች። መወልወያውን ጥምዝዝ አድርጋ ጨመቀችና «በይ ሶፋውን ፈቀቅ አድርጊለት» አለችኝ።

አባዬ ሲሚንቶውን ተሸክሞ ሲገባ ግድግዳው አፉን ከፍቶ ጠበቀው።

«ማነው እዚህ ጋ ያለህ?»

«ልጅህ ናት» አለ ሰውየው፣ እጁን ከቀዳዳው ሳያወጣ።

አባዬ ወደኔ ዞረ። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ምን ታፈጣለህ?» አልኩት። «ድሮ ቤቱ ሲበላሽ አከራይ እናማ ነበር። አሁን የሚታማው ባለቤቱ ነው።»

እማዬ ሳቋን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች።

በማግስቱ አጎቴ መጣ። አባዬ እርጥቡን ልስን በጀርባው ከልሎ ቆመ።

«ተቀመጥ እንጂ!» አለው አጎቴ።

«እዚሁ ይሻለኛል፣ ጋሼ።»

አጎቴ ሻዩን አማሰለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ፣ ጥሩ ቧንቧ ሠራተኛ ታውቃለህ? መታጠቢያ ቤቴ እያፈሰሰ ጓዳውን ገደል አስገባው። ለሰው ተናግሬ አላውቅም፣ ያው የራስ ቤት…»

የአባዬ ፊት እንደ ሙሽራ በራ። «የኔንስ ብታየው!» አለና ከግድግዳው ተላቀቀ፤ የኮቱ ጀርባ ሲሚንቶ በሲሚንቶ። ቀዳዳውን እንደ ሽልማት ያስጎበኘው ጀመር። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ባለቤቶች! ስለ ፍሳሽ ሲያወሩ ለጉድ ነው።

ተነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አለኝ አባዬ።

«ክፍሌ» አልኩት።